መኪና የተከለከለበት እሁድ

«ለምን ይዘሃት አልጠፋህም?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሦስት ሴቶች አላችሁ። አንደኛዋማ «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» ብላኛለች፤ ስሟን ግን አልጻፈችም። ስድብ ለኔ ብርቅ አይደለም። እዚህ በማይን ወንዝ ዳር ያለ ባለወይን ሁሉ በተራው ሰድቦኝ የለ! እንግዲህ ዛሬ ያንን እሁድ እጽፈዋለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ያለፈው ሳምንት ላመለጠው ሰው ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ፋይት ነኝ፤ የአንጥረኛ ልጅ። በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ፣ ከቩርትስቡርግ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ጋራዥ ገባሁ። ሊዮባ የአቶ አምብሮስ አንድያ ልጅ ናት። አቶ አምብሮስ ማለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተነስቶ እስከ ኮረብታው ጫፍ ያለው ወይን ሁሉ የሳቸው የሆነ ሰው ናቸው። እኔና ሊዮባ እንዋደድ ነበር። ይህን ከኛ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሣጥን ብቻ ነው።

ሣጥኑ በአቶ አምብሮስ የወይን ማመላለሻ መኪና ወንበር ሥር የተቀመጠው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ነው። በኛ አገር ያለሱ መኪና አይነዳም፤ ሕግ ነው። ከፍቶ ያየው ሰው ግን የለም። መኪናዋን የማድሳት እኔ፣ ወይን የምታደርስባት ሊዮባ። እሷ ከፋሻው ሥር ደብዳቤ ታስቀምጣለች፣ እኔ አወጣለሁ፤ እኔ አስቀምጣለሁ፣ እሷ ታወጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅራችን ቁስል ማሰሪያ ውስጥ ተጠቅልሎ ኖረ።

በነሐሴ አንድ ቀን አቶ አምብሮስ ግቢያቸው ድረስ አስጠሩኝና መኪናቸውን ጠገንኩ። ስጨርስ «ግባ፣ ጉሮሮህን አርጥብ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። በዚያ ቤት በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የከብት ሐኪሙ ዶክተር ኦትማር ተቀምጧል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ንጹሕ ጥፍር። ለሱ ምርጡ ወይን ከሚቀመጥበት፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ከሆነው ጠርሙስ ቀዱለት። ለኔ ከሸክላ ማሰሮ ቀዱልኝ። ቀመስኩና ወይናቸውን ለማመስገን ብዬ «አቶ አምብሮስ፣ እንዲህ ያለ ወይን በዕድሜዬ አልጠጣሁም» አልኩ።

አቶ አምብሮስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ።

«ሰማህ ዶክተር? ቅራሪውን እኮ ነው! ከአተላው ላይ ውሃ ከልሰን ለለቃሚዎች የምንጨምቀውን!»

ዶክተር ኦትማር አልሳቀም። ዓይኑን ወደ ጠርሙሱ መለሰ። የባሰኝ እሱ ነው፤ አዘነልኝ። ሊዮባ ከምድጃው አጠገብ ተነስታ መጣችና፣ ብርጭቆዬን ከእጄ ወስዳ የቀረውን ቅራሪ እያየችኝ እስከ ጠብታው ጠጣችው። «እውነቱን ነው አባባ፤ ይሻላል» አለች። ያን አስተያየት ለመግለጽ የኔ ትምህርት አይበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሷ ስል የማላደርገው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። አምን ነበር ነው ያልኩት።

አብረን ለመጥፋት ወስነን ካርታ የዘረጋነው በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አለቃዬ ወደ ቤቱ ሄዶ ጋራዡ ባዶ ሲሆን፣ በኦፔል መኪናዬ ኮፈን ላይ ነበር። ኦፔሌ ከሁለት የተጋጩ መኪኖች የገጣጠምኳት ናት፤ ከፊት አረንጓዴ፣ ከኋላ ግራጫ። ሊዮባ «ከፊት ሰላጣ፣ ከኋላ አይጥ» ትላት ነበር።

አውግስቡርግ ከተማ የሟች እናቷ እህት፣ አክስት ባቤት አለች። «ኑ፣ ቤቴ ቤታችሁ ነው። ማዘጋጃ ቤት ስትፈራረሙም ምስክር እሆናችኋለሁ» ብላ ጽፋልናለች።

«በአውራ ጎዳናው ሦስት ሰዓት አይፈጅም» አልኳት።

«በአውራ ጎዳናው ምን አለ? እንደ ሌባ ልንሮጥ ነው?»

«ልንጠፋ አይደለም እንዴ?»

«እንጠፋለን፤ ግን እያየን ነው የምንጠፋው። ሰው በሕይወቱ አንዴ ነው የሚጠፋው።»

እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ነጥቃ በአሮጌው መንገድ አሰመረች። ከቩርትስቡርግ ወርዶ የታውበርን ሸለቆ ይዞ፣ በክሬግሊንገን፣ ከዚያ ሮተንቡርግ ግንቡ ሥር ምሳ፣ ከዚያ ዲንክልስቡል፣ ከዚያ ኖርድሊንገን፣ ከዚያ ዳኑብን ተሻግሮ አውግስቡርግ። እሷ ታሰምራለች፣ እኔ ከጎኑ ሰዓት እጽፋለሁ።

«ይኼ ምንድን ነው? ‹ክሬግሊንገን፣ አራት ተኩል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ›?»

«የምንቆምበት ነዋ።»

«ፋይት! እዚያ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እመቤታችን ከእንጨት ተቀርጻ ወደ ሰማይ ስታርግ አለች። እፊቷ ቆሜ እሺ ልልህ ነው የምፈልገው። ለእሺ አሥራ አምስት ደቂቃ?»

«እሺ ለማለት ስንት ይፈጃል?»

«ላንተ ዓይነቱ? ግማሽ ቀን።»

ሃያ አደረግኩት። እሷ ሳቀች፤ ሳቋ ጋራዡን ሞላው። እጇ በእርሳስ ጠቁሮ ስለነበር ጉንጬን ስትነካኝ መስመር ቀረብኝ። ሰኞ ዕለት አለቃዬ «ፊትህን ታጠብ» እስኪለኝ ድረስ አልታጠብኩትም።

ቀኑ ከእሁድ ሌላ ሊሆን አይችልም። አቶ አምብሮስ በሥራ ቀን ልጃቸውን ከዓይናቸው አያርቁም፤ ወይን ስታደርስም ደቂቃዋን ይቆጥራሉ። እሁድ ግን ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ከቅዳሴ በቀጥታ መጠጥ ቤቱ ገብተው ከባለወይኖቹ ጋር እስከ ምሳ ይቀመጣሉ። አራት ሰዓት ያህል እናገኛለን። መከሩ እስኪገባ፣ ጭማቂውም እስኪፈላ ብለን ኅዳር ላይ አደረግነው፤ ለገና አራት እሁድ ሲቀር የመጀመሪያዋ ሻማ ከምትበራበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ። ምክንያቱም በሻማዋ እሁድ የዶክተር ኦትማር ቤተሰብ ለምሳ ይመጣል፤ አቶ አምብሮስ ልጃቸውን ለሱ «ሰጥቻለሁ» ሊሉ። ከዚያ ወዲያ ያለቀ ነገር ነው። አገሩ ያውቀዋል፣ ቄሱ ያውቀዋል፣ የሊዮባ ቃል ከአባቷ ቃል ጋር ይታሰራል።

እንግዲህ ያ ዓመት ነዳጅ የጠፋበት ዓመት ነበር። እሁዳችን ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ሬዲዮኑ ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ በመላ አገሩ መኪና መንዳት ክልክል ነው አለ። ሐኪም፣ የከብት ሐኪም፣ እሳት አደጋና የመሳሰሉት ሲቀሩ። አለቃዬ ቁልፉን ጥሎ «አሁንማ ጋራዡን ዘግተን ለፈረስ ኮቴ ብረት እንምታ!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ከመኪና ሥር ተኝቼ ስለነበር ፊቴን ያየ የለም።

እኔ ያሰብኩት «እሁድ ቀረ» ብዬ ነው። ሊዮባም ይህንኑ ታስባለች ብዬ ነው። ክልክል ነው ተብሏል፤ ክልክል ክልክል ነው። ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

አርብ ዕለት የአቶ አምብሮስ መኪና የክረምቱ የበረዶ ጎማ ሊገባላት መጣች። ሣጥኑን ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦

«ፋይቴ፣ ሬዲዮኑን ሰማህ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በደስታ። ስለኛ የሰሙ ነው የመሰለኝ። መንገዱ ሁሉ ለሁለታችን ብቻ ሊጸዳልን ነው! ከኋላችን የሚከተል መኪና አይኖርም፤ አባባም ቢሰማ በምን ይከተለናል? በሦስት ሰዓት ድንጋዩ ምሰሶ ጋ እጠብቅሃለሁ። ካርታው እኔ ጋ ነው። ክሬግሊንገን ላይ ሃያው ደቂቃ አይበቃኝም። ያንቺው፣ አይ፣ ያንተው ሊዮባ። በደስታ የምጽፈው ጠፋኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ዓይነት ሬዲዮ፣ አንድ ዓይነት ቃል፤ እሷ የሰማችው ሌላ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ።

መልስ ልጽፍ ወረቀት አነሳሁ። «እሁድ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። በወረቀት የሚነገር አልመሰለኝም። ቅዳሜ እኩለ ቀን መጥተው መኪናዋን ሲወስዱ ሣጥኑ ባዶ ነበር።

አሁን «ፈሪ» የምትሉኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር ወይኑ ሊለቀም ሲል ኮረብታው ይዘጋል። እንጨት ላይ ጭድ ይታሰራል፤ ያንን ጭድ አልፎ ባለቤቱም ቢሆን አይገባም፤ ጠባቂ ይቆማል። በአሥር ዓመቴ ለአባቴ ምሳ ሳደርስ እንዳልዘገይ አቋርጬ ሄድኩ። አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ጠባቂው በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝና፣ እሁድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ያንን ጭድ አንገቴ ላይ አስሮ በሩ ላይ አቆመኝ። ሁሉም አየኝ። አቶ አምብሮስ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ሲያልፉ «የአንጥረኛ ልጅ ወሰን አያውቅም» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ እኔ የተዘጋ ነገር አልፌ አላውቅም። የሚጠቁመኝ ጣት እንዳይኖር፣ መብራት ቀይ ከሆነ መንገዱ ባዶም ቢሆን እቆማለሁ። በጥር ደግሞ የዋና መካኒክነት ፈተና ነበረብኝ፤ የዚያች መንደር ሰው «አቶ ፋይት» ብሎ የሚጠራኝ በዚያ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት ኦፔሌ ተሞልታ፣ ተወልውላ፣ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ብስክሌቴን አወጣሁ።

መንገዱን እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። አባወራዎች በመሃል አስፋልት የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ። ልጃገረዶች ጎማ ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ። አንድ ሽማግሌ ፈረስ በጋሪ ጠምደው «ይኼው! እኔ ነዳጄን ጠዋት ገለባ አበላሁት!» እያሉ ያልፋሉ። ሰው ሁሉ ይስቃል። በዙሪያችን ያሉት የሰባቱ መንደሮች ደወል አንዱ ከአንዱ ተለይቶ ይሰማል። እኔ ሱሪዬ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ዝም ብዬ እየረገጥኩ ሄድኩ።

ድንጋዩ ምሰሶ ከድልድዩ ማዶ፣ መንገዱ ወደ ታውበር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ላዩ ላይ እመቤታችን የሞተውን ልጇን ታቅፋ ተቀርጻለች። ሊዮባ ከሥሩ ቆማለች። የእናቷን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች። ሻንጣዋ እግሯ አጠገብ ነው። ካርታው እጇ ላይ ነው፤ ከአሁኑ ገልጣ አጥፋዋለች፣ የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እንዲሆን።

ስታየኝ ፈገግ አለች። ከዚያ ብስክሌቱን አየች። ከዚያ የሱሪዬን መቆንጠጫ።

«መኪናው የት አለ?»

«ሊዮባ… ዛሬ እኮ ክልክል ነው።»

«ታሾፋለህ። ከመታጠፊያው ጀርባ አቁመኸዋል።»

ሻንጣዋን ትታ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ቆማ አይታ ተመለሰች። ስትሄድ እየተቻኮለች ነበር። ስትመለስ ግን እንደ አሮጊት ነበር የምትራመደው።

«ነገ» አልኳት። «ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በእግዜር ስም—»

«ነገ አባባ ከጎኔ ቆሞ ጠርሙስ እንሞላለን። ማክሰኞ የኦትማር እናት ቀሚስ ልትለካኝ ትመጣለች። ዛሬ ነበር ፋይት። ዛሬ ብቻ ነበር።»

«ቢይዙኝስ? ፈተናው አለ። ስሜ ፖሊስ ጣቢያ ቢገባ አባትሽ ምን ይላሉ? ‹ያ የአንጥረኛ ልጅ›—»

«አሁንም አባባን ነው የምትሰማው!» ጮኸች። ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ዞር አሉ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርገው ባሰ። «እኔ ከሱ ቤት ወጥቼ መጣሁ። አንተ ገና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነህ። ያንን ቅራሪ ገና እየጠጣህ ነው።»

«ሊዮባ፣ ተረጂኝ…»

«መንገዱን እየው። ማን አለ? ማን ይይዝሃል?»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ! ሌላ መኪና ስለሌለ ሁሉም የሚያየው እኛን ነው!»

ነፋሱ ካርታውን ያርገበግበዋል። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ተጠግታ የኋላውን የዕቃ መጫኛ በእጇ ጫን አደረገችው፤ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው።

«እሺ» አለች። «በዚህ ውሰደኝ። እስከ ክሬግሊንገን ብቻ። ቢመሽም ይምሽ። ሻንጣውን እዚሁ እተወዋለሁ።»

እንግዲህ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ።

«ሁለት ሰው መጫንም ክልክል ነው» አልኳት።

ሳቀች። ያ የጋራዡ ሳቅ አይደለም። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗ ሞላ። አልጠረገችውም። ብስክሌቱን ለቅቄ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ድንጋዩ ተጠጋች።

ያኔ ነው የሞተር ድምፅ የሰማሁት። ባዶ መንገድ ላይ አንድ መኪና ምን ያህል ከሩቅ እንደሚሰማ ያን ቀን አወቅሁ። ሰው ሁሉ ወደ ዳር እየወጣ አሳለፈው። መስተዋቱ ላይ የፈቃድ ወረቀት ተለጥፏል። ዶክተር ኦትማር ነው፤ ላም አዋልዶ ሲመለስ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ ፊቱ በድካም ገርጥቷል። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሊዮባ? በዚህ ብርድ፣ ሻንጣ ይዘሽ? ደህና ነሽ?»

እሷ እኔን አየችኝ። ያንን ብርጭቆ ስትጠጣ ያየችኝ ዓይን ነው፤ ያው ዓይን። ጠበቀችኝ። «ከኔ ጋር ናት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጋራዡ ሩብ ሰዓት አይርቅም።

ብስክሌቴ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ነበር። መኪናው እንዲያልፍ ብዬ ወደ ዳር ሳብኩት።

ሊዮባ ያንን አየች። ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ነገር እንደገባው ሰው። ካርታውን ድንጋዩ ላይ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር አስቀመጠችና በሩን ራሷ ከፍታ ገባች።

«ጎበዝ፣ ሻንጣዋን አቀብለኝ እስቲ» አለ ዶክተሩ፤ በትሕትና ነው ያለው። አነሳሁ። ከባድ ነበር። የሰው ዕድሜ የያዘ ሻንጣ ነው። ከኋላ ወንበር አስቀመጥኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ በደንብ መዘጋቱንም ሳብ አድርጌ አየሁ። ልማድ ነው።

«አመሰግናለሁ» አለ።

እሷ ዞር አላለችም። መኪናው ድልድዩን ሲሻገር፣ ኮረብታው ሥር ሲታጠፍ፣ መንደሩ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። በአገሩ ሁሉ የሚሄድ መኪና እሱ ብቻ ይመስል ነበር፤ ሲጠፋም ምንም አልቀረም፣ ደወል ብቻ።

መኪና የተከለከለባቸው እሁዶች አራት ነበሩ። አራት ብቻ! ከዚያ ፈቀዱ። ምን ያህል ነዳጅ እንደተረፈ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ፈተናውን በጥር አለፍኩ። ሠርጉ በየካቲት ሆነ፤ አቶ አምብሮስ ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም ከጠፍጣፋው ጠርሙስ ላኩ፣ ለኔም ደረሰኝ። ቡሹን አልነቀልኩትም። አለቃዬ ሲሞት ጋራዡ የኔ ሆነ። አሁን ሰው ሁሉ «አቶ ፋይት» ይለኛል። ዶክተር ኦትማር ብቻ «ጎበዝ» እንዳለኝ ቀርቷል።

የሊዮባንና የዶክተሩን መኪና በየዓመቱ፣ ኅዳር ሲገባ፣ ለክረምት ጎማ እኔ ጋ ያመጡታል፤ በአካባቢው ሌላ ጋራዥ የለም። እሷ መጥታ አታውቅም። ሠራተኞቼ ጎማውን ሲያወርዱ እኔ ወንበሩን ገፋ አድርጌ ሣጥኑን እከፍታለሁ። ፋሻውን አነሳለሁ። መቀስ፣ ፕላስተር፣ ጥጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ከፍቼዋለሁ።

ዘንድሮ ፋሻው ጊዜው አልፎበት አገኘሁት። በአዲስ ቀየርኩት። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው።